ስንዴና ሙቀት፦ ዘሩ የሚያወርሰውና ማሳው የሚወስነው
ለልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

መግቢያ

በዋግ ኽምራ ደጋና ወይና ደጋ ቀበሌዎች የክረምቱ ዝናብ ዘግይቶ ይገባል፤ ፈጥኖም ይወጣል። በብዙ ዓመታት ሰኔ ማለቂያ ወይም ሐምሌ መግቢያ ላይ ይጀምርና ነሐሴ መጨረሻ ወይም ጳጉሜን ላይ ይቆማል። እንግዲህ ስንዴው ዛላ አውጥቶ ፍሬ የሚሞላው ሰማዩ በሚጠራበት፣ ፀሐይዋ በምትበረታበትና አፈሩ በሚደርቅበት በመስከረም ወር ነው ማለት ነው። በተለይም ድንጋያማና ስስ አፈር ባለባቸው ተዳፋት ማሳዎች ላይ ችግሩ የጎላ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በጥቅምት መግቢያ ላይ በሰቆጣ ዙሪያ በሚገኝ አንድ ቀበሌ ማሳ ስንጎበኝ፣ በዕድሜ የገፉ አንድ ገበሬ ከስንዴአቸው አንድ ዛላ ቀጥፈው በመዳፋቸው አሹትና እፍ አሉት። ገለባው በነፋስ ሄደ፤ በመዳፋቸው ላይ የቀረው ፍሬ ቀጭንና የተጨማደደ ነበር። «ልጆቼ፣ አገዳውስ ደህና ነበር፤ ፍሬውን ምን በላው?» ሲሉ ጠየቁን። ቀጥለውም «ይህንን ለዘር ላስቀምጠው ወይስ ልብላው?» አሉ።

ለመጀመሪያው ጥያቄ «ዝናቡ አጥሮ ነው» ብለን መለስንላቸው። ለሁለተኛው ደግሞ «አባቴ፣ ይህ ዘር ደክሟል፤ ይለውጡት» አልናቸው። የመጀመሪያው መልሳችን ጎደሎ ነበር፤ ሁለተኛው ደግሞ ስሕተት ነበር። ገበሬው ቃላችንን አምነው ከአባታቸው የወረሱትን ስንዴ ጨርሰው ሸጡት። በሚቀጥለው ዓመት የዘሩት ምርጥ ዘር ለረጅም ክረምት የተዘጋጀ፣ ዘግይቶ የሚደርስ ነበርና በዚያ ስስ አፈር ላይ ከቀድሞው የባሰ ሆነ።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚያን ሁለት ጥያቄዎች እንደሚገባ መመለስ ነው። የልማት ሠራተኛው በየማሳው የሚጠየቀው ይህንኑ ነው፤ የማኅበሩ የዘር ኮሚቴም በየዓመቱ የሚወስነው ይህንኑ ነው። በዋግ ለዘር የተቀመጠ እህል ቀላል ነገር አይደለም። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ወቅት ሕዝቡ ያየውን መከራ አረጋውያን አልረሱትም። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር ለማስወገድ የገባው ቃል ኪዳን በሰቆጣ ስም መጠራቱም የአካባቢውን ችግር ክብደት ያሳያል። ጦርነቱ ዋግን በነካባቸው በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የዘር እህል ለብዙ ቤተሰብ ዋና ጭንቀት ሆኖ ነበር። ስለሆነም ስለ ዘር የሚሰጥ የተሳሳተ ምክር የአንድ ቤት የዓመት ቀለብ ሊያሳጣ ይችላል።

1. ሙቀት ስንዴን የሚጎዳው መቼና እንዴት ነው?

ስንዴ በባሕርዩ የብርድ አገር ሰብል ነው። በማቆጥቆጥ ላይ እያለ ሙቀት ቢያገኘው ዕድገቱ ይፋጠናል፣ ቁመቱም ያጥራል እንጂ ከነአካቴው አይጠፋም። ከፍተኛ ጉዳት የሚደርሰው በሁለት ወቅቶች ነው።

የመጀመሪያው ዛላው ገና በቅጠል ተሸፍኖ ሳለ፣ ከመውጣቱ ጥቂት ቀናት አስቀድሞ ነው። በዚህ ጊዜ የአበባው ብናኝ በመሠራት ላይ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1982 ዓ.ም. የታተመ በአውስትራሊያ የተሠራ ጥናት እንዳሳየው በዚህ ወቅት ለ3 ቀናት ብቻ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የደረሰበት ስንዴ ብናኙ ይመክናል፤ የሚይዘውም የፍሬ ብዛት ይቀንሳል። ዛላው ከውጭ ሲታይ ሙሉ ይመስላል፤ ሲታሽ ግን ባዶ ቤቶች ይገኙበታል።

ሁለተኛው ወቅት ፍሬው በሚሞላበት ጊዜ ነው። እዚህ ላይ ሙቀት ፍሬውን የሚጎዳው ጊዜውን በማሳጠር ነው። አንድ ስንዴ ከማበብ እስከ መድረቅ የሚያስፈልገው የሙቀት ድምር በግምት የታወቀ ነው። ለስሌት ያህል 700 ብንወስድና የየቀኑ አማካይ ሙቀት 20 ዲግሪ ቢሆን ፍሬው ለመሙላት 35 ቀናት ያገኛል። አማካዩ 25 ዲግሪ ቢሆን ግን የሚያገኘው 28 ቀናት ብቻ ነው። ሰባት ቀናት፣ ማለትም ከመሙያው ጊዜ አንድ አምስተኛው ጠፋ ማለት ነው። በየቀኑ የሚሞላው መጠን በሙቀቱ ምክንያት ጥቂት ቢጨምርም የጠፉትን ቀናት አይተካም።

በዚህ ላይ ሌላ ችግር ይታከላል። የፍሬው ዱቄት ዋና ክፍል የሆነውን ስታርች የሚሠራው ኢንዛይም ከ25 ዲግሪ በላይ ሲሆን ሥራው ይዳከማል። ስለዚህ ቅጠሉ ምግብ ቢያዘጋጅና አገዳው ቢያቀብል እንኳ ፍሬው ተቀብሎ ሊያከማች አይችልም። በእነዚህ ምክንያቶች ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ዓ.ም. ባወጡት ግምት መሠረት የዓለም ሙቀት በአንድ ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የዓለም የስንዴ ምርት በ6 በመቶ ያህል ይቀንሳል።

ነገር ግን ሰቆጣ ከባሕር ወለል ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ አየሯም እንደ ቆላ አያቃጥልም። ታዲያ ሙቀቱ ከየት መጣ? የሚል ጥያቄ ሊነሳ ይችላል። መልሱ በውኃው ዘንድ ይገኛል። ስንዴ ውኃ በቅጠሉ ቀዳዳዎች ሲያተን ራሱን ያቀዘቅዛል፤ እርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለበት እንስራ ውኃውን እንደሚያቀዘቅዘው ማለት ነው። አፈሩ ሲደርቅ ግን ተክሉ ውኃውን ለመቆጠብ ቀዳዳዎቹን ይዘጋል። በዚህ ጊዜ ቅጠሉና ዛላው ከአየሩ በላይ ይሞቃሉ። በመሆኑም በዋግ ደጋ ድርቅና ሙቀት ሁለት የተለያዩ ጠላቶች አይደሉም፤ አንዱ ለሌላው በር ይከፍታል። «ዝናቡ አጥሮ ነው» ያልነው መልስ ጎደሎ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው።

በሌላ በኩል ወደ ተከዜ ሸለቆ በወረድን መጠን አየሩ ራሱ ይሞቃል። በየ100 ሜትሩ ዝቅታ በአማካይ 0.6 ዲግሪ ያህል ስለሚጨምር 1,000 ሜትር መውረድ 6 ዲግሪ ገደማ ሙቀት መጨመር ነው። በበጋ በመስኖ ስንዴ ለማልማት የሚያስቡ የአበርገሌ፣ የዝቋላና የሳህላ ቀበሌዎች ይህንን ስሌት አስቀድመው ማድረግ ይኖርባቸዋል።

2. በዘር የሚወረሰው ምንድን ነው?

የማንኛውም ተክል ጠባይ፣ ማለትም ቁመቱ፣ የሚደርስበት ጊዜ፣ የፍሬው ቀለም፣ በሽታን መቋቋሙ ከወላጆቹ የሚወረሰው በበራሂ (ጂን) አማካይነት ነው። በራሂዎች የሚገኙት በክሮሞዞሞች ላይ ነው። የማካሮኒ ስንዴ 28፣ የዳቦ ስንዴ ደግሞ 42 ክሮሞዞሞች አሏቸው። የዳቦ ስንዴ የሦስት የተለያዩ የሣር ዘመዶች ውርስ በአንድ ላይ የያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ዓ.ም. የዓለም ሳይንቲስቶች በኅብረት ባወጡት ዝርዝር ከ100,000 በላይ በራሂዎች ተቆጥረውበታል።

ታዲያ «የሙቀት በራሂ» የትኛው ነው? አንድ ብቻውን የለም። አንዳንድ ጠባዮች፣ ለምሳሌ የፍሬ ቀለም፣ በጥቂት በራሂዎች ይወሰናሉ። ሙቀትን መቋቋም ግን የብዙ በራሂዎች የጋራ ሥራ ነው፤ እያንዳንዱ የሚያበረክተው ጥቂት ነው። ነገሩ እንደ ደቦ ነው፤ አንድ ሰው ስለቀረ አጨዳው አይቆምም፣ አንድ ጎበዝ ስለመጣም ብቻውን አይጨርሰውም። ሥራቸውን በአራት ክፍል ብንመለከተው ለመረዳት ይቀላል።

ሀ) ማምለጥ። የሚያብብበትን ጊዜ የሚወስኑ በራሂዎች አሉ። ፈጥኖ የሚያብብ ስንዴ እርጥበቱ ሳያልቅና ሙቀቱ ሳይበረታ ፍሬውን ይሞላል። ኖርማን ቦርሎግ በሜክሲኮ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አንድ ጊዜ በሞቃት ሜዳ፣ አንድ ጊዜ በደጋ እየዘራ ሲመርጥ የቀንን ርዝማኔ የማይጠብቅ ስንዴ አገኘ። ዛሬ በዓለም የተሠራጩት ብዙዎቹ የዳቦ ስንዴ ዝርያዎች ይህንን ጠባይ ወርሰዋል። ለዋግ የክረምት ስንዴ ትልቁ ጥቅም የሚገኘው ከዚህ ክፍል ነው።

ለ) ራስን ማቀዝቀዝ። ሥሩን ወደ ታች የሚሰድ ስንዴ ከጥልቅ ውኃ ስለሚያገኝ ቀዳዳዎቹን አይዘጋም፤ ቅጠሉም ቀዝቃዛ ይሆናል። ተመራማሪዎች የሰብሉን ሙቀት በመሣሪያ ከርቀት እየለኩ ቀዝቃዛውን ይመርጣሉ። ሆኖም አፈሩ ራሱ አንድ ስንዝር ከሆነና ከሥሩ አለት ካለ፣ ረጅም ሥር የሚያወርስ በራሂ የሚሠራበት ቦታ አያገኝም።

ሐ) መቻል። ሙቀት ሲደርስ ሌሎች ፕሮቲኖች እንዳይበላሹ የሚጠብቁ ልዩ ፕሮቲኖች በተክሉ ውስጥ ይሠራሉ። አንዱ ዝርያ ፈጥኖና አብዝቶ ይሠራቸዋል፤ ሌላው ይዘገያል። የሕዋሱ ሽፋን በሙቀት አለመላላቱ፣ ቅጠሉ አረንጓዴ ሆኖ መቆየቱ፣ ብናኙ አለመምከኑ ሁሉ በዚህ ክፍል ይመደባሉ።

መ) ስንቅ መያዝ። አንዳንድ ስንዴ ከማበቡ በፊት በአገዳው ውስጥ ስኳር ያከማቻል። ቅጠሉ በሙቀት ቢደርቅ እንኳ ከአገዳው ስንቅ ወስዶ ፍሬውን ይሞላል።

ከእነዚህ መካከል አንዱን ብቻ የያዘ ዝርያ በሁሉም ቦታ አይሳካለትም። እጅግ ፈጥኖ የሚያመልጥ ዝርያ ዝናቡ ባማረበት ዓመት ምርቱ ከሌላው ያነሰ ይሆናል። ስለሆነም «ሙቀት የሚችል ስንዴ አለ ወይ?» ተብሎ ሲጠየቅ የልማት ሠራተኛው መልስ «በየትኛው ማሳ፣ መቼ ተዘርቶ?» የሚል ጥያቄ መሆን አለበት።

3. «ዘሩ ደክሟል» ማለት ምን ማለት ነው?

አሁን ወደ ገበሬው ሁለተኛ ጥያቄ እንመለስ። በሙቀት የተጨማደደ ፍሬ ለዘር ይሆናል ወይ?

ሙቀት ፍሬውን አቀጨጨው እንጂ በውስጡ ያሉትን በራሂዎች አልለወጣቸውም። ስንዴ በአብዛኛው ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ተክል ስለሆነ ልጁ አባቱን ይመስላል። ከድቅል በቆሎ የሚለየው በዚህ ነው፤ የድቅል በቆሎ ዘር በየዓመቱ መገዛት ሲኖርበት የስንዴ ዘር ግን በጥንቃቄ ከተያዘ ለተከታታይ ዓመታት ጠባዩን ጠብቆ ይቆያል። እንግዲህ የገበሬው ስንዴ በውርሱ አልደከመም ነበር። ጎረቤታቸው ያንኑ ዘር በ11 ቀናት ቀድመው፣ እርጥበት በሚይዝ የታችኛው ማሳ ላይ ዘርተው ፍሬው ሞልቶላቸው ነበር። ይህንን ያወቅነው ዘግይተን ነው፤ አስቀድመን ብንጠይቅ ኖሮ ምክራችን ሌላ በሆነ ነበር።

ይሁን እንጂ የተጨማደደ ፍሬ አንድ እውነተኛ ጉድለት አለው። የሚይዘው ምግብ ጥቂት ስለሆነ ቡቃያው ደካማ ይሆናል፤ ከጥልቅ አፈርም ለመውጣት ይቸገራል። ስለዚህ መደረግ የሚገባው ዘሩን መለወጥ ሳይሆን በወንፊት ነፍቶ ትልልቁን ለዘር፣ ትንንሹን ለምግብ ማድረግ ነው።

የዚህ ተቃራኒ የሆነ ስሕተትም አለ። በድንጋይ ካቡ ሥር፣ ውኃ በሚቋጥርበት ቦታ የበቀለ ዛላ ከሌላው ሁሉ ጎልቶ ይታያል። ገበሬው ወይም የማኅበሩ ሰው ያንን ዛላ ለዘር ቢመርጥ የመረጠው ጥሩ ውርስ ሳይሆን ጥሩ ቦታ ነው። ቦታ ደግሞ በዘር አይተላለፍም።

ምርጫ የሚሠራው የውርስ ልዩነት ባለበት ብቻ መሆኑም መታወቅ አለበት። ከምርምር የወጣ አንድ ዓይነት ዝርያ ውስጥ ትልቁን ዛላ እየመረጡ መዝራት ዘሩን ንጹሕ ለማድረግ ይረዳል እንጂ ሙቀት የመቻል ጠባዩን አያሻሽለውም፤ ሁሉም ተክሎች በውርስ አንድ ናቸውና። የአገር ስንዴ ግን የብዙ መስመሮች ድብልቅ ነው። በአንድ ማሳ ውስጥ ነጩ፣ ቀዩ፣ ጥቁሩ፣ ጢም ያለውና የሌለው፣ ቀድሞ የሚደርሰውና የሚዘገየው አብረው ይገኛሉ። በዚህ ውስጥ መምረጥ ፍሬ ያለው ሥራ ነው።

4. የአገራችን ስንዴ ሀብትነት

ኢትዮጵያ በማካሮኒ ስንዴና በዘመዶቹ ልዩ ልዩነት በዓለም የታወቀች አገር ናት። ሩሲያዊው ሳይንቲስት ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 ዓ.ም. ወደ አገራችን መጥቶ የሰብል ናሙናዎችን ሰብስቧል። እንደ ጥቁር ስንዴ ያለ ሐምራዊ ፍሬ ያለው ስንዴ የአገራችን ልዩ መታወቂያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተቋቋመው የዘር ባንክ፣ ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩት በሚባለው ሥር፣ ከየአካባቢው የተሰበሰቡ የስንዴ ናሙናዎችን ጠብቆ ይዟል።

ይህ ሀብት በመጋዘን የሚቀመጥ ቅርስ ብቻ አይደለም። ከዋግ ብዙም ሳይርቅ በሰሜን ወሎ ገረገራና በትግራይ ሀገረ ሰላም 400 የስንዴ ናሙናዎች፣ አብዛኞቹ የአገር ዝርያዎች፣ በማሳ ላይ ተዘርተው 30 ሴትና 30 ወንድ ገበሬዎች እየዞሩ ነጥብ እንዲሰጧቸው ተደርጓል። የእያንዳንዱ ናሙና በራሂም በቤተ ሙከራ ተመርምሯል። እ.ኤ.አ. በ2017 ዓ.ም. የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው የገበሬዎቹ ዓይን የሚመርጠው ከሚለካው የምርት ጠባይ ጋር የተያያዘ ነው፤ ከበራሂ ጋርም ሊዛመድ ይችላል። ገበሬው የሚያየውን ተመራማሪው መመዝገብ አለበት ማለት ነው።

ገበሬዎች አጭር አገዳ ያላቸውን ምርጥ ዝርያዎች አንዳንድ ጊዜ የማይወዱበት ምክንያትም ከንቱ አይደለም። የከብቶቹ የበጋ መኖ የሚገኘው ከገለባው ነው። በተጨማሪም በብዙ አጫጭር ዝርያዎች ውስጥ ያለው የማሳጠሪያ በራሂ ቡቃያው አፈሩን ሰብሮ የሚወጣበትንም ክፍል ያሳጥረዋል። ስለዚህ እንዲህ ያለው ስንዴ በማረሻ በጥልቀት ከተቀበረ ብዙው ሳይወጣ ይቀራል። አምስት ሴንቲሜትር ገደማ ይበቃዋል።

5. ከሌላ ቦታ የሚገኝ ልምድ

በአፋር ክልል ከባሕር ወለል 740 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኘው የወረር የግብርና ምርምር ማዕከል በአዋሽ ሸለቆ ሙቀት በመስኖ የሚለሙ ስንዴዎችን ሲመርጥ ቆይቷል። ጋምቦ፣ ፈንታሌና አሚባራ የተባሉት ዝርያዎች ለዚህ የታወቁ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2010 ዓ.ም. የተለቀቀው ቀቀባም ፈጥኖ ስለሚደርስ በቆላ መስኖ ላይ ተዘርቷል።

ከአገር ውጭም በሴኔጋል ወንዝ ዳርቻ በሴኔጋል፣ በሞሪታኒያና በማሊ ሩዝ በሚታጨድባቸውና በሚዘራባቸው ወራት መካከል የሚደርስ የማካሮኒ ስንዴ ተመርጧል። በዚያ የቀኑ ሙቀት ከ35 እስከ 40 ዲግሪ ይደርሳል፤ ስንዴው የሚደርሰውም በሦስት ወር ገደማ ነው። ይህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2017 ዓ.ም. የዓለም ሽልማት አግኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2023 ዓ.ም. የታተመ በሜክሲኮ የተሠራ ሌላ ጥናት ደግሞ ከአሮጌ የአገር ስንዴዎችና ከስንዴ የዱር ዘመዶች የተወሰዱ በራሂዎች የተዳቀሉባቸው መስመሮች በከፍተኛ ሙቀት እስከ 50 በመቶ የበለጠ ምርት እንደሰጡ አሳይቷል።

እነዚህን ውጤቶች ስንሰማ አንድ ነገር መዘንጋት የለብንም። በወረርም ሆነ በሴኔጋል ወንዝ ስንዴው ውኃ አልተቸገረም። ሙቀትን የቻለው ውኃ እየጠጣ ነው። ያንኑ ዘር በዋግ ተዳፋት ላይ ያለ መስኖ ዘርቶ ያንኑ ውጤት መጠበቅ አይገባም። ለተከዜ ዳር መስኖ ሊመከር ይችላል፤ ለጋዝጊብላ ደጋ ግን በሙከራ ሳይታይ አይታደልም።

6. ምን ይደረግ?

የልማት ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት የሚከተሉትን እንዲፈጽሙ እንመክራለን።

ሀ) ዝርያዎችን ጎን ለጎን መዝራት። በአንድ ማሳ ላይ ሦስት ዝርያዎች፣ አንዱ የግድ የአካባቢው ስንዴ ሆኖ፣ እያንዳንዳቸው 5 ሜትር በ4 ሜትር በሆነ መደብ ይዘሩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ እነዚያው ሦስቱ በአጠገባቸው እንደገና ይዘሩ። ዘግይቶ የተዘራው ፍሬውን የሚሞላው በሙቀትና በድርቅ ውስጥ ስለሆነ የዝርያዎቹ ልዩነት ጎልቶ ይታያል። ተመራማሪዎችም የሚጠቀሙት ይህንኑ ዘዴ ነው። ከ20 ካሬ ሜትር የተገኘ 1 ኪሎ ምርት በሄክታር 5 ኩንታል ማለት ነው።

ለ) መመዝገብ። ዛላ ያወጣበት ቀን፣ የደረሰበት ቀን፣ የምርቱ ክብደትና የ1,000 ፍሬ ክብደት ይመዝገቡ። ለምሳሌ ያህል (የሙከራ ውጤት ሳይሆን ለማስረዳት ብቻ) አንዱ ዝርያ በጊዜው ሲዘራ 1,000 ፍሬው 44 ግራም፣ ሲዘገይ 31 ግራም ቢሆን፣ ሌላው ደግሞ በጊዜው 40፣ ሲዘገይ 36 ግራም ቢሆን፣ ሙቀቱን የቻለው ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያው 30 በመቶ ገደማ ሲያጣ ሁለተኛው ያጣው 10 በመቶ ብቻ ነውና። በአንድ ዓመት ውጤት ብቻ ግን አይፈረድም፤ ቢያንስ ሁለት ክረምት መታየት አለበት።

ሐ) ከየማሳው ጋር ማጣጣም። ስስ አፈር ላለው ተዳፋት ፈጥኖ የሚደርስ፣ እርጥበት ለሚይዝ የታችኛው ማሳ መካከለኛ ጊዜ የሚወስድ ዝርያ ይመረጥ። ትልሙን በየመሃሉ በአፈር እያገዱ ውኃ ማቆየት ስንዴው ራሱን የሚያቀዝቅዝበትን ጊዜ ያራዝማል። ማሳው እጅግ ስስና ደረቅ ከሆነ ስንዴ ይቅርበትና ገብስ ወይም ጤፍ ይዘራበት ማለትም ተገቢ ምክር ነው።

መ) ለመስኖ ስንዴ የሚዘራበትን ወር መጠበቅ። በቆላማ ቦታ በኅዳር የተዘራ ስንዴ በቀዝቃዛው ወቅት ያብባል። ወደ ጥር የተገፋው ግን ፍሬ መሙያው በመጋቢት ሙቀት ላይ ይወድቃል። በደጋ ደግሞ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ እንዳይመታው መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ሠ) ዋግን (የስንዴ ዝገትን) አለመርሳት። እ.ኤ.አ. በ2010 ዓ.ም. ቢጫ ዋግ ኩብሳ የተባለውን ዝርያ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላም የግንድ ዋግ ዲገሉን በአገራችን ክፉኛ ጎድተዋል። ሙቀት የሚችል ዝርያ በሽታ የሚችል ላይሆን ስለሚችል ማኅበሩ በአንድ ዝርያ ላይ ብቻ አይመካ።

ረ) የዘር ብቅለት መፈተን። ከተነፋው ዘር 100 ፍሬ ቆጥሮ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ በ8ኛው ቀን መቁጠር። 85ና ከዚያ በላይ ከበቀለ ጥሩ ዘር ነው። 70 ብቻ ከበቀለ በሄክታር 125 ኪሎ ይዘራ የነበረው ወደ 152 ኪሎ ከፍ ይላል። ከዚህ በጣም ካነሰ ለምግብ ይዋል።

ሰ) የአካባቢውን ዘር ሳይተኩ አለመልቀቅ። አዲስ ዝርያ ለሚቀበል ገበሬ ሁሉ የቀድሞውን ዘር ቢያንስ በአንድ ጥማድ ላይ ለሁለት ዓመት እንዲያቆይ ይነገረው። ማኅበሩም ከየቀበሌው የአገር ስንዴ ጥቂት ጥቂት ኪሎ ተቀብሎ፣ የባለቤቱን ስምና የማሳውን ዓይነት ጽፎ፣ በየዓመቱ እየዘራ ቢያድስ የክፉ ቀን ዋስትና ይሆናል።

መደምደሚያ

ከላይ የጠቀስናቸው ገበሬ ዘራቸውን በሸጡ በሦስተኛው ዓመት ተመልሰን ሄድን። ስሕተታችንን ነግረን ይቅርታ ጠየቅናቸው። የሸጡት ስንዴ ከገበያ ሊገኝ አልቻለም፤ ከሌላ እህል ጋር ተቀላቅሎ ተፈጭቷል። የተገኘው በልጃቸው ቤት ነበር። ወደ ጋዝጊብላ ስትዳር ከአባቷ ጎተራ ይዛው የሄደችውን ዘር ሳታቋርጥ ስትዘራ ኖራለች። አንድ ቁና ላከችላቸው። እርሳቸውም ከዚያው ላይ አንድ እፍኝ ዘግነው ሰጡንና «እንግዲህ እናንተም ዝሩት፤ ዳግመኛ ደክሟል እንዳትሉት» አሉን።

ያችን እፍኝ ከሌሎች ጋር ጎን ለጎን በሁለት የመዝሪያ ቀናት ዘርተናል። በጊዜው ሲዘራ ከምርጦቹ በታች ሆነ፤ ሲዘገይ ግን ከብዙዎቹ ያነሰ ጉዳት ደረሰበት። በአንድ ክረምት የማይፈረድ ስለሆነ መዝራታችንን እንቀጥላለን።

ዘር የሚያወርሰው አቅምን ነው፤ አቅሙ ምርት የሚሆነው ግን በማሳው፣ በውኃውና በመዝሪያው ቀን ነው። የልማት ሠራተኛው «ዘሩን ለውጡ» ከማለቱ በፊት መቼ ተዘራ፣ የት ተዘራ፣ የጎረቤትዎስ እንዴት ሆነ ብሎ ይጠይቅ። በየቀበሌው የሚመዘገበው ውጤት በአቅራቢያ ለሚገኘው የምርምር ማዕከል ቢላክ ለሚቀጥለው የዘር ምርጫ ከፍ ያለ እርዳታ ይሆናል።